የድሮ ሆቴሎቻችንና የጣሪያቸው ነገር

የጂቡቲው የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ግን አንድ ጊዜ የገንዘብ እጥረት፥ አንድ ጊዜ የመንግሥታት ክርክር እየያዘው 14 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በ1909 ዓ.ም. መሥመሩ ከዋና ከተማችን ሲደርስ ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበርና፥ ከወደቡ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። እንግዲህ በዚህ መሥመር የተተከሉት ቀደምት ሆቴሎች የተወለዱት ከባቡሩ የጊዜ ሠሌዳ ነው። ለጌጥ ወይም ለዝና ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ ባቡር ሲቆም ሰው መተኛት አለበት፤ ሲነጋም ቡና ጠጥቶ መሣፈር አለበት።

ይህን መነሻ ማስታወስ የሚያሻው፥ ዛሬ ስለ አሮጌ ሆቴሎቻችን ሲነገር «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ብቻውን እየተጠራ፥ ቤቱ ግን ለምን ሥራ እንደ ቆመ ስለሚረሳ ነው። ሆቴል የሥራ ቤት ነው። የቤተ መንግሥት ግንብ ወይም የጥንት መቃብር ሰው ሳያድርበትም ታሪኩን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሆቴል ግን እንግዳው ሲቀር ወዲያው መፍረስ ይጀምራል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈርሰውም ጣሪያው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የነገሩ አጀማመር ሌላ ነበር። በፒያሳ የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ግድም ሲቋቋም፥ እንግዳ በዘመድና በባለሥልጣን ቤት በሚያርፍባት አገር ምግብና መኝታ በገንዘብ ይሸጥ ማለት አዲስ ሐሳብ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ አፍሪካውያን ነፃነታቸውን ለማግኘት በሚታገሉበት ዘመን የከተማችን ሆቴሎች ሌላ ዓይነት እንግዳ መቀበል ጀመሩ። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ለነፃነት ትግላቸው ርዳታና የጦር ትምህርት ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ያረፉት በራስ ሆቴል ነበር። በማግሥቱ ዓመት፥ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተማው በመሪዎችና በመልእክተኞች ተሞላ። የአፍሪካ ታሪክ የተነጋገረው በአዳራሽ ብቻ እንዳልሆነ፥ ከእራት በኋላ በሆቴሎቹ ሳሎን ውስጥም ብዙ ነገር እንደ ተባለ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ምሥራቁ መሥመር እንመለስ። ባቡሩ እያደር ፈጣን ሆነ። ሊቶሪናው ሲመጣ መንገዱ አጠረ፤ አስፋልቱና አይሮፕላኑ ሲጨመሩ ደግሞ በየጣቢያው የሚያድረው ሰው እያነሰ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. ግድም በአሮጌው ሐዲድ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ተቋረጠ። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለአገራችን ንግድ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፥ ጣቢያዎቹ የተሠሩት ከከተሞቹ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ በአዲሱ ባቡር የሚመጣ እንግዳ የሚወርደው እንደ ጥንቱ ከሆቴሉ ደጃፍ አይደለም። ወርዶ መኪና ይፈልጋል፤ ባለመኪናውም ወደሚያውቀው አዲስ ፔንሲዮን ይወስደዋል።

እኛም በቅርቡ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር ወደ ምሥራቅ ወርደን ከአሮጌዎቹ ሆቴሎች በአንደኛው ሦስት ሌሊት አድረናል። ስሙንና ከተማውን አንጠራም፤ ያየነው ጉድለት የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ያምራል። ሰፊ በረንዳ አለው፤ ግቢው በትላልቅ ዛፎች የተሸፈነ ነው፤ የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያ እንደ ጥንቱ ነው። መኝታ ክፍሉ ስንገባ ግን ከአልጋው በላይ ያለው ኮርኒስ በውሃ ከመበላሸቱ የተነሣ እንደ አሮጌ ካርታ ሆኗል። አጎበሩ በሦስት ቦታ በክር ተቋጥሯል። በመታጠቢያ ቤቱ ያለው ነጭ ገንዳ ጥንት ከውጭ አገር የመጣ ጥሩ ዕቃ ነበር፤ አሁን ግን የሚያገለግለው አንድ የላስቲክ ባልዲና አንድ ጣሳ ማስቀመጫ ሆኖ ነው። ውሃ የሚመጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ፥ ቧንቧው ከፍቶ ያደረ ሰው በፏፏቴ ድምፅ ይነቃል።

በምግብ ቤቱ የቀረበልን የምግብ ዝርዝር ሦስት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን ጠየቅን፤ «ዛሬ የለም» ተባልን። ሁለተኛውን ጠየቅን፤ እሱም የለም። በመጨረሻ ያለውን እንዲነግሩን ስንለምን ጥብስና ፓስታ መኖሩ ተገለጸልን። ጥብሱ ደኅና ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። የክፍሉ ዋጋ ግን በዚያው መንገድ ላይ አዲስ ከተሠራውና ሙቅ ውሃ ካለው ፔንሲዮን የሚበልጥ ነው። ለምን እንደሚበልጥ ስንጠይቅ የእንግዳ መቀበያው ልጅ ያለ አንዳች ማፈር፦

«ታሪካዊ ስለሆነ ነው» አለን።

በሁለተኛው ሌሊት ዘነበ። ውሃው በኮርኒሱ ላይ ከተሳለው ካርታ መካከል እየጠበቀ ይንጠባጠብ ጀመር። በሆቴሉ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ አሳላፊ ባልዲ ይዘው መጡና አልጋውን ወደ ግድግዳው እንድንገፋ ረዱን።

«ጋሼ፥ ይህ ጣሪያ ተበሳስቷል ማለት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቆርቆሮውስ ደኅና ነው፥ ልጆቼ። ጥፋቱ የአሸንዳው ነው። ከተቀደደ ሦስት ክረምት አለፈው። ውሃው ወደ ውጭ በመውረድ ፈንታ ወደ ግድግዳው ራስ ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ በፈለገው ይወጣል።»

«ለአለቆቹ አልተነገረም?»

«ኧረ ተነግሯል። ተጽፏልም። ዕቃው ቀላል ስለሆነ ብቻውን አይገዛም፥ ከትልቁ እድሳት ጋራ ይታያል ነው የሚሉት። ትልቁ እድሳት ደግሞ ሆቴሉ ወደ ሌላ እጅ ይዛወራል ስለተባለ ቆሟል።»

እንግዲህ በእኛ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ያለው ሽማግሌው በነገሩን በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ነው። ስለ አሮጌ ሆቴሎች ውድቀት ሲነሣ ሦስት ምክንያት ሲሰጥ እንሰማለን፤ ሠራተኛው ሰነፍ ነው፤ መንግሥት ነጋዴ ሊሆን አይችልም፤ ዘመኑ አልፎባቸዋል። ከሦስቱ አንዱም ያን አሸንዳ አያስረዳም። ሠራተኛው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ በውድቅት ሌሊት ባልዲ ተሸክሞ ደረጃ አይወጣም ነበር።

ስለ ባለቤትነቱ ጥቂት መናገር ያሻል። በ1967 ዓ.ም. ብዙ የግል ድርጅቶች በመንግሥት ሲወረሱ ሆቴሎችም አብረው ተወረሱ፤ ከዚያም በራስ፥ በግዮን፥ በዋቢ ሸበሌ፥ በኢትዮጵያ ሆቴሎች ስም በድርጅት በድርጅት ተከፋፍለው ይተዳደሩ ጀመር። ይህ አሠራር ሒሳቡን በአንድ ቦታ አጠቃሎ ለመያዝ ቢያመችም፥ የሆቴሉን ገቢና የሆቴሉን ጣሪያ አለያያቸው። ገቢው ወደ ማእከል ይሄዳል፤ ጣሪያው እዚያው ይቀራል። የጥገና ገንዘብ በየዓመቱ በልመና የሚገኝ ሲሆን፥ በጀት በሚጠብበት ዓመት ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነሰው እሱ ነው። ለምን ቢሉ፥ ደመወዝ ቢቀነስ ሠራተኛው ይጮኻል፤ አሸንዳ ግን አይጮኽም።

ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ድርጅቶችን ወደ ግል የሚያዛውረው ኤጀንሲ ተቋቋመ። ብዙ ሆቴሎች ተሸጡ፤ ከተሸጡትም ውስጥ ባለቤት አግኝተው የተሻሻሉ አሉ። ጉዳቱ የደረሰው በመካከል በቀሩት ላይ ነው። «ሊሸጥ ነው» የተባለ ቤት በአንድ እግሩ ቆሞ ይኖራል። ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ አውጥቶ ቢያሳድሰው ለማን ነው የሚያሳድሰው? ገዢውም ቤቱ እያረጀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ስለሚረክስለት አይቸኩልም። ከዚህም የተነሣ በጨረታና በውሳኔ መጠበቅ ያለፉት ክረምቶች በሕንፃው ላይ ያደረሱት ጥፋት፥ እንግዳ ሳይመጣ ከቀረባቸው ዓመታት ጥፋት የሚያንስ አይመስለንም።

አንባቢዎቻችን ከፊላቸው በየመሥሪያ ቤቱ በቅርቡ ሥራ የያዙ ስለሆኑ፥ አንድ የቧንቧ ጎማ ለመግዛት ስንት ወረቀት እንደሚፈርምና ለምን ሦስት ፕሮፎርማ እንደሚሰበሰብ እኛ ልንነግራቸው አይገባም። ደንቡ የወጣው ሌብነትን ለመከላከል ነው፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለመኪና ግዢ የወጣ ደንብ ሳይለወጥ ለቧንቧ ጎማ ሲውል፥ የሚባክነው ውሃ ጎማውን ብዙ ጊዜ ደጋግሞ ሊገዛ የሚችል ይሆናል። ደግሞም እነዚህን ሆቴሎች ዛሬ በአብዛኛው የሚሞላቸው ማን እንደሆነ እናውቃለን። በሄድንበት ጊዜ ከእኛ በቀር በሆቴሉ የነበሩት ለሥልጠና የመጡ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነበሩ። የሥልጠናው ሒሳብ የሚከፈለው በደብዳቤ ነው። ውሃ ባይኖርም ይከፈላል። ተሠልጣኙ በውሎ አበሉ ከዚያው አድሮ ያጉረመርማል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሥልጠና ይመጣል። እንግዳው ከፋዩ ባልሆነበት ቤት የእንግዳው ቅሬታ እስከ ካሸሩ እንኳ አይደርስም።

መንግሥት ሆቴል ማስተዳደር አይችልም የሚለውን ክርክር የሚያፈርሰው የስፓኝ አገር ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 በንጉሥ አልፎንሶ 13ኛው ዘመን በግሬዶስ ተራራ የመጀመሪያው «ፓራዶር» ተከፈተ። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 100 የሚጠጋ ሲሆን፥ ብዙዎቹ በአሮጌ ምሽግ፥ በገዳምና በመሳፍንት ቤት ውስጥ የሚገኙ ናቸው። ባለቤቱ ያው መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ድርጅቱ ከስሮ ሠራተኛ እስከ መቀነስ ደርሶ ነበርና ኑሮው ሁልጊዜ የተመቻቸ ነው ማለታችን አይደለም። ሆኖም የድርጅቱ አሳብ ከመጀመሪያው አንድ ነው፤ እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ግንቡን ያቆማል፤ ግንቡም እንግዳውን ይጠራል።

ከዚህ ይበልጥ ለእኛ የሚቀርበው ግን የኩባው ነገር ነው፤ ኩባ እንደ እኛው ድኻ አገር ናትና። የአሮጌዋ ሀቫና ቤቶች በባሕር ጨውና በዝናም እየፈረሱ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1993 የከተማው የታሪክ ጽሕፈት ቤት ራሱ እንዲነግድና ያገኘውን ትርፍ ለከተማይቱ ጥገና እንዲያውለው በሕግ ተፈቀደለት። በማግሥቱ ዓመት «ሀባጉዋኔክስ» የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። የጽሕፈት ቤቱ አለቃ የነበሩት ኤውሴቢዮ ሌያል አንድ ሆቴል ያሳድሱ ነበር፤ ከዚያ ሆቴል በሚገኘው ገንዘብ ሁለተኛውን፥ ከሁለተኛውም ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መጠለያ ያሳድሱ ነበር። ሄሚንግዌይ ያረፈበት የ«አምቦስ ሙንዶስ» ሆቴል ክፍል ቁጥር 511 ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። በእኛ ሆቴል ያገኘናቸው ሽማግሌ ግን፥ የጥንቱ የእንግዶች መዝገብ የት እንደ ደረሰ ስንጠይቃቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠቁመው «ውሃ ገባበት» አሉን። የሀቫናው አሠራርም ቢሆን ዘላለማዊ አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው ወደ ጦር ኃይሉ ድርጅት ተዛወረ። ቢሆንም ከሃያ ዓመት በላይ የተሠራው ሥራ አሁንም ቆሞ ይታያል።

የጎረቤታችን የኬንያ «ኖርፎክ» ሆቴል ደግሞ ከጣይቱ ሆቴል ጋራ የአንድ ዘመን ልጅ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1904 በፈረንጆች የገና ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1980 በፈንጂ ተመትቶ ብዙ ሰው አለቀበት፤ ሆኖም የፈረሰው ክፍል ተሠርቶ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። የእኛው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጋይ፥ በውስጡ የነበረው የጃዝ ሙዚቃ ቤትም አብሮ ሲጠፋ፥ የከተማው ሰው እንደ ዘመድ ሐዘን ማዘኑን እናስታውሳለን። ሆቴሉም ተጠጋግኖ ወደ ሥራው ተመልሷል። ከዚህ የምንረዳው ሕዝባችን ለአሮጌ ቤቶቹ ደንታ የለውም የሚባለው ትክክል አለመሆኑን ነው። እሳት ስለሚታይ እንጮኽለታለን፤ እርጥበት ግን ድምፅ የለውም።

እርጥበት እንዴት እንደሚያፈርስ ትንሽ ብናብራራ ቢሮ ለሚቀመጡት ወጣት ሹማምንት ይጠቅማል። እነዚህ ቤቶች የተሠሩት በድንጋይ ሆኖ መያዣው ጭቃና ኖራ ነው፤ ልስኑም ኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፤ እርጥበት ቢገባ ቀስ ብሎ ይወጣል። ግድግዳው ሲረጥብና ሲላላጥ አይተው «እናጠንክረው» የሚሉ ተቋራጮች ይመጡና በሲሚንቶ ይለስኑታል። ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል፤ ጭቃውን ያሟሟዋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ልስኑ ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ራሱ ይለቃል። እኛ ባረፍንበት ቤት በደቡብ በኩል አንድ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ፥ ከላዩም ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ አይተናል። ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነበር። ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ገንዘብ ተገኝቶ የተበላሸው እሱ ብቻ ነውና።

ስለ ቅርስ አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ለዚህ ሁሉ ቃል አለው። በቅርስነት የታወቀ ሕንፃ ያለው ሰው ቤቱን በራሱ ወጪ በደኅና ይጠብቅ ዘንድ ግዴታ ጥሎበታል፤ ማናቸውም ጥገናም በቅድሚያ በባለሥልጣኑ መፈቀድ አለበት። ብዙ ባለቤቶች የሚያነቡት እስከዚህ ድረስ ስለሆነ ቤታቸው በቅርስነት እንዳይመዘገብ ይሸሻሉ። ነገር ግን ያው አዋጅ፥ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት የወጪውን ከፊል እስከ መርዳት የሚደርስ እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ክፍል በሥራ ላይ ሲውል እምብዛም አላየንም። ሕጉ የሚያስርበት እጁ እየታየ የሚረዳበት እጁ ከታጠፈ፥ ባለቤቱ ቤቱ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ዝም ብሎ ቢጠብቅ ሊደነቅ አይገባም። ሲወድቅ ቦታው ይቀራል፤ ዋጋ ያለውም ቦታው ነው።

ሙያው የለንም እንዳይባል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ የተመለከተ ሁሉ ምስክር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አዳራሾች ታድሰው ሕዝብ ሲገባባቸው፥ በአሮጌ ቤት ላይ መሥራት የሚያውቁ እጆች በአገራችን መኖራቸው ታይቷል። እርግጥ ቤተ መንግሥቱ የመንግሥትን ዓይን ያገኘ ቤት ነው። በየአውራጃው ከተማ የተተወ ባለ 20 ክፍል ሆቴል ግን ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አይኖረውም፤ አሸንዳ ሲተከል ፎቶግራፍ የሚያነሣም የለም።

ስለሆነም በእኛ በኩል ታላቅ የእድሳት ዕቅድ ይውጣ አንልም፤ ትንሹን ሥራ ገድሎ ያስቀመጠው ያ ታላቅ ዕቅድ ነውና። ከሆቴሉ ገቢ የተወሰነ እጅ፥ ወደ ማእከል ሳይሄድ፥ በዚያው ለጥገና ብቻ የሚውል ሆኖ በተለየ ሒሳብ ይያዝ። ሥራ አስኪያጁም እስከ ተወሰነ መጠን ያለ ሦስት ፕሮፎርማ ገዝቶ በዓመቱ መጨረሻ በኦዲተር ይጠየቅበት። ሁሉም ክፍል ተከፍቶ ሁሉም ከሚያፈስ፥ ስምንቱ በደንብ ተጠግነው የቀሩት እስከ ተራቸው ድረስ ቢዘጉ ይሻላል። በኖራ መለሰንን የሚያውቁ አዛውንት ግንበኞች ባሉበት ከተማ ከሙያ ትምህርት ቤት ሁለትና ሦስት ተማሪ ከሥራቸው ቢመደብ ወጪው የቀን አበል ብቻ ነው። ሥልጠና የሚልከው መሥሪያ ቤትም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ያደሩትን ሰዎች «ውሃ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አንድ ወረቀት ይጨመርብናል ብለን አንከራከርም።

ሽማግሌው አሳላፊ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር እንደቀራቸው ነግረውናል። የውሃ መዝጊያው ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለ፥ የኤሌክትሪኩ መሥመር በየትኛው ግድግዳ ውስጥ እንደሚያልፍ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የቤቱ ንድፍ ከመዝገቦቹ ጋራ ጠፍቷልና። ሌላው ሁሉ እስኪወሰን ድረስ አንድ የሥዕል ተማሪ ልኮ ይህን በወረቀት ማስፈር ይቻላል። ለመጪው ክረምት ደግሞ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር አሸንዳ፥ ምስማርና መሰላል ያለው አንድ ሠራተኛ ነው። የቀለሙ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይታያል።